ዲጄ ፕሪሚየር፦ በሌሎች ሸክላ የራስን ሙዚቃ መሥራት እንዴት ይቻላል?

ጠያቂ፦ ቅኝት ፈላጊ

ጤና ይስጥልኝ። ሙዚቃን የተማርኩት በኖታና በኪቦርድ ስለሆነ፣ አቀናባሪ ሲባል ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ለሳክስፎኑና ለትራምፔቱ ድርሻቸውን የሚያከፋፍል፣ ቤዙና ድራሙ እንዴት እንደሚያያዙ የሚወስን ባለሙያ ነው። የጋንግ ስታርን አልበሞች በተከታታይ ካዳመጥኩ በኋላ ግን ይህ ግንዛቤ አልበቃኝም። የቡድኑ ዲጄና ፕሮዲውሰር ዲጄ ፕሪሚየር በአብዛኛው የሚሠራው ሌሎች ሙዚቀኞች ከዓመታት በፊት ካስቀረጿቸው ሸክላዎች ትንንሽ ድምፆችን ቆርጦ በመውሰድ ነው፤ ይሁን እንጂ ከብዙ ዘፈኖች መካከል የእሱን ለይቶ ማውጣት ለለመደ ጆሮ አያዳግትም። ከሌላ ሰው የተወሰደ ድምፅ እንዴት የእሱ መለያ ሊሆን ቻለ?

የሰውየውን ሕይወትና የሥራ ዘመን የምታውቁ፣ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰና በተለይም ዲጄነቱ ለፕሮዲውሰርነቱ ምን እንዳበረከተለት ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። ድምፁ የተወሰደበት ሙዚቀኛ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ቦታም ያሳስበኛል። ዓመታቱን ስትጠቅሱ ለሁላችንም እንዲመች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብታደርጉት መልካም ነው።

መልስ፦ የሸክላ ወዳጅ

እኔ ከሕይወቱ ልጀምር፤ የአሠራሩን ነገር ከእኔ የተሻለ ጆሮ ያላቸው ያሟሉታል።

ዲጄ ፕሪሚየር የወላጆቹ ስያሜ ክሪስቶፈር ማርቲን ሲሆን፣ በማርች 21 ቀን 1966 በቴክሳስ ግዛት በሂውስተን ከተማ ተወለደ። ያደገው ከሂውስተን ብዙም በማትርቀው፣ በጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲዋ በምትታወቀው ፕሬሪ ቪው ነው። እናቱ የሥነ ጥበብ መምህርት ነበሩ፤ እሱም በዚያው ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተምሯል። የኒው ዮርክን የሂፕ ሆፕ ድምፅ የእሱን ያህል የቀረጹ ሰዎች ጥቂቶች ሆነው ሳለ፣ ራሱ የዚያች ከተማ ተወላጅ አለመሆኑን ብዙ አድማጮች ልብ አይሉትም። ኒው ዮርክን በልጅነቱ ያወቃት ብሩክሊን ይኖሩ የነበሩትን አያቱን ለመጠየቅ ሲሄድ ነው። እንደ እኔ እምነት ይህ ርቀት ጠቅሞታል፤ ብሮንክስ ውስጥ የተወለደ ልጅ በየመንገዱ የሚሰማውን እሱ በሸክላ እያሳደደ፣ እየሰበሰበና ደጋግሞ እየሰማ መማር ነበረበትና። ሂውስተን ሸክላ ቤት ተቀጥሮ መሥራቱም የዚሁ ትምህርት አካል ነበር። በዚያን ጊዜ የሚታወቅበት ስም ዋክስማስተር ሲ ነበር።

ጋንግ ስታር የሚለው ስም ከእሱ በፊት የነበረ ነው። ቡድኑን በቦስተን የመሠረተው ጉሩ በሚል ስም የምናውቀው ኪት ኢላም ሲሆን፣ አባቱ የቦስተን ዳኛ ነበሩ፤ እሱም አትላንታ በሚገኘው ሞርሃውስ ኮሌጅ የተማረ ነው። የቀድሞ ጓደኞቹ ሲለዩትና የፕሪሚየር የሙከራ ቅጂ ዋይልድ ፒች የተባለው አነስተኛ የሙዚቃ አሳታሚ ዘንድ ሲደርስ ሁለቱ ተገናኙ። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1989 ወጣ። በ1990 ደግሞ ስፓይክ ሊ ስለ ጃዝ ሙዚቀኛ ለሠራው ፊልም ከሳክስፎን ተጫዋቹ ብራንፎርድ ማርሳሊስ ጋር አንድ ዘፈን ሠሩ፤ ከዚያ በኋላ ጋዜጠኞች ሁሉ የጃዝ ራፐሮች የሚል መጠሪያ ሰጧቸው። ጉሩ ያንን መንገድ በ1993 በጀመረው፣ ጃዝማታዝ በተባለው ተከታታይ አልበም ለብቻው ገፋበት። ፕሪሚየር ግን ከጃዝ የፈለገው ጨዋነቱን ወይም ክብሩን አልነበረም፤ የፈለገው የተወሰኑ ድምፆችን ነው፣ እነርሱንም ከዓመት ወደ ዓመት እያሳጠራቸውና እያሻከራቸው ሄደ። በ1991፣ በ1992 እና በ1994 የወጡትን ሦስት አልበሞቻቸውን በቅደም ተከተል የሰማ ሰው ይህንን ለውጥ ያለ ማንም አስረጂ ያገኘዋል።

ስለ ጉሩ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ከፍና ዝቅ የማይል፣ ጎምዛዛነት ያለው ድምፅ ነበር። ፕሪሚየር ለዚህ ድምፅ ቦታ መተው ነበረበት፤ ከስር የሚያስቀምጠው ሙዚቃ ባዶ ቦታ የበዛበት የሆነው በአንድ በኩል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሌሎች ራፐሮች ኋላ ወደ እሱ የጎረፉትም ቃላቸው ሳይሸፈን የሚሰማበትን ቦታ ስላገኙ ነው።

ከሥራ ዘመኑ አንዱን ዓመት ብቻ ምረጥ ብባል 1994ን እመርጣለሁ። በማርች የጋንግ ስታር አራተኛ አልበም ወጣ፤ በኤፕሪል ሦስት ዘፈኖቹን እሱ የሠራለት ናስ የተባለው ራፐር የመጀመሪያ አልበም ኢልማቲክ ተከተለ፤ በሜይ ሙሉ በሙሉ እሱ ያቀናበረው የጄሩ ዘ ዳማጃ የመጀመሪያ አልበም ወጣ፤ በሴፕቴምበር ደግሞ የኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. የመጀመሪያ አልበም በእሱ እጅ ከተሠራ አንድ ዘፈን ጋር ለገበያ ቀረበ። የዚህ ሁሉ ሥራ ማእከል ማንሃተን ውስጥ በ37ኛው ጎዳና የነበረው ዲ ኤንድ ዲ ስቱዲዮ ነው። ፕሪሚየር በ2003 ስቱዲዮውን ራሱ ገዛና በሰው እጅ በተገደለ ጓደኛው መጠሪያ ሄድኮርተርዝ ብሎ ሰየመው።

መልስ፦ ሌሊት አድማጭ

ዲጄነቱ ለፕሮዲውሰርነቱ ምን አበረከተ ለሚለው መልሱ በሂፕ ሆፕ አጀማመር ውስጥ አለ። ዲጄ ኩል ሄርክ በኦገስት 11 ቀን 1973 ብሮንክስ ውስጥ ሙዚቃ ባጫወተበት ጭፈራ የሚጠቀሰው ታሪክ ዋና ነገሩ፣ በአንድ ዘፈን ውስጥ ድምፃዊው ዝም ብሎ ድራሙ ብቻውን የሚቀርባትን አጭር ቅጽበት ለይቶ ማወቁና በሁለት ሸክላ ማጫወቻ እያመላለሰ ማርዘሙ ነው። በዚህ ጥበብ ዲጄው ከሌላ ሰው ዘፈን ውስጥ መርጦ አዲስ ዘፈን ያወጣል። ሳምፕል የሚያደርጉ፣ ማለትም ከተቀረጸ ሙዚቃ ድምፅ ቆርጠው የሚይዙ ማሽኖች ሲመጡ ይኸው ሥራ ከእጅ ወደ ማሽን ተሸጋገረ፤ ስለዚህ የሂፕ ሆፕ ፕሮዲውሰር ከዲጄው የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የፕሪሚየር ልዩነት ማሽኑን ከያዘ በኋላ እጁን ከሸክላው አለማንሳቱ ነው። የሚታወቅባቸው መሣሪያዎች አካይ ኤም.ፒ.ሲ. 60 እና ኤስ 950 የተባለው የአካይ ሳምፕለር ናቸው። የዚያ ዘመን ማሽኖች የማስታወስ አቅማቸው እጅግ ውስን ነበር፤ ብዙዎች ይጠቀሙበት የነበረው ኤስ.ፒ. 1200 በጠቅላላው የሚይዘው የ10 ሰከንድ ያህል ድምፅ ብቻ ነው። ይህ ገደብ ፕሮዲውሰሩን ቁጥብ ያደርገዋል። አንድን ሙሉ ሐረግ ወስዶ ማዞር ቀላሉ መንገድ ሲሆን፣ ፕሪሚየር ግን ሐረጉን ይሰባብረውና እያንዳንዱን ቁራጭ በማሽኑ ቁልፎች ላይ ዘርግቶ፣ ዋናው ሙዚቀኛ ባልተጫወተው ቅደም ተከተል እንደገና ይጫወተዋል። ጠያቂው እንደ ኪቦርድ ተጫዋች ይህንን ቢያስቡት፣ ቁልፉ ሲነካ የሚወጣው የፒያኖ ድምፅ በመሆን ፈንታ ከአንድ የ1970ዎቹ ሸክላ የተቆረጠች ቅንጣት መሆኗ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ምርጫውን የሚያሳይልኝ ጄሩ በ1993 ያወጣው ከም ክሊን የተሰኘ ዘፈን ነው። ዘፈኑን የተሸከመው የውኃ ጠብታ የሚመስል ድምፅ ሲሆን፣ የተገኘው ሼሊ ማን ከተባለው የጃዝ ድራም ተጫዋች ሸክላ ነው። ሌላ ሰው ያንን ሸክላ ቢያገኝ ዜማ ያለበትን ቦታ ይፈልግ ነበር፤ ፕሪሚየር ዜማ የሌለበትን ቦታ ወሰደና ሙሉ ዘፈን አቆመበት። ለጋንግ ስታር ማስ አፒል የጊታር ተጫዋቹን የቪክ ጁሪስን ሥራ ሲጠቀምም የወሰደው ጥቂት ኖታዎችን ነው፤ እነዚያኑ ኖታዎች ያለ ምንም ለውጥ እስከ መጨረሻው ይደጋግማቸዋል። ሙዚቃው ግን አይሰለችም፤ ድራሙ በቂ ክብደት አለው፣ ቤዙም አልፎ አልፎ እየጠፋ ይመለሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አዝማቹ ልምጣ። በአብዛኞቹ ምርጥ ሥራዎቹ ውስጥ አዝማች የሚዘፍን ሰው የለም። አዝማቹን የሚናገሩት ከልዩ ልዩ ራፐሮች ዘፈን በስክራች (ሸክላውን በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ) የተነሡ፣ እርስ በርስ ተገጣጥመው አንድ ዐረፍተ ነገር የሚሆኑ ቃላት ናቸው። በናስ የመጀመሪያ አልበም ላይ ስለ ኒው ዮርክ በተዘፈነው ዘፈን አዝማቹ የራኪም ድምፅ ነው፤ ወጣቱ ናስ በሚናገርባት ከተማ ላይ ከእሱ በፊት የነገሠው ራፐር ቃሉን ያጸናለታል። ጄይ ዚ በ1996 በመጀመሪያ አልበሙ ገንዘብ ጓደኛን ከጓደኛ ስለማጣላቱ ሲናገር፣ አዝማቹ ከስኑፕ ዶግና ከሞብ ዲፑ ፕሮዲጂ ቃላት ተገጣጥሞ ወደ ፈጣሪ የሚቀርብ ልመና ይሆናል። በ1999 ለናስ ሲሠራ ደግሞ ናስ ቀደም ሲል ስለ ራሱ የተናገረውን ቃል ከቀድሞ ዘፈኑ አንሥቶ አዝማች አደረገው፤ ስለዚህ ራፐሩ በአንድ ዘፈን ውስጥ ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው ከራሱ ጋር ይነጋገራል። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር የቀደሙትን ሊቃውንት ቃል እየጠቀሰ ንባቡን እንደሚያብራራው ሁሉ፣ ፕሪሚየርም የሚሠራለትን ሰው ቃል በዘርፉ ታላላቆች ቃል ይፈታዋል። ይህን ለማድረግ በሺህ የሚቆጠሩ ዘፈኖችን ስንኝ በስንኝ ማስታወስና የትኛው ቃል ከየትኛው ሸክላ፣ ከየትኛው ቦታ እንደሚገኝ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ እውቀት የዲጄ እውቀት ነው፤ በማሽን አይገኝም።

መልስ፦ ቤዝ ጊታር

የቀደሙትን መልሶች በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ይሁን እንጂ ጠያቂው ያነሡት ሦስተኛ ጥያቄ ሳይመለስ እንዳያልፍ እፈልጋለሁ። እኔ መሣሪያ ተጫዋች ነኝ። የሼሊ ማን ስም እዚህ ላይ መጠቀሱ ደስ አሰኝቶኛል፤ ዘፈኑን ለዓመታት ከሰሙት መካከል ግን ስሙን የሚያውቅ ስንት ሰው ይሆን?

በዲሴምበር 1991 የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ራፐሩ ቢዝ ማርኪ ከጊልበርት ኦሰሊቫን ዘፈን ያለ ፈቃድ ሳምፕል በማድረጉ ጥፋተኛ ነው ብሎ ከወሰነ በኋላ ሁኔታው ተለወጠ፤ አሳታሚዎች ለእያንዳንዱ ሳምፕል ፈቃድ መጠየቅና መክፈል ግዴታቸው መሆኑን ተረዱ። ድምፅን በጥቃቅኑ መሰባበር በዚያው ጊዜ መስፋፋቱ የጥበብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የተሰባበረ ድምፅ ባለቤቱ እንኳ አያውቀውም። ፕሪሚየር ራሱ በጋንግ ስታር የ1998 አልበም ላይ፣ ሳምፕል የተደረጉ ዋና ዘፈኖችን በአንድነት አሰባስበው ማን እንደተጠቀመባቸው እየጻፉ የሚያሳትሙትን ሰዎች በቁጣ ያወግዛል። ቁጣው ከባለሙያ ምሥጢር አንጻር ይገባኛል፤ ከድራም ተጫዋቹ አንጻር ግን ስሙ በመታወቁ ማን ተጎዳ ብዬ እጠይቃለሁ። ለኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. በሠራው ስለ አደንዛዥ ዕፅ ንግድ በሚናገር የ1997 ዘፈን ላይ ፐብሊክ ኢነሚ የተባለው የራፕ ቡድን አባል ቻክ ዲ ቁጥር ሲቆጥር የሚሰማው ድምፅ ተወስዶ ገብቷል። ቻክ ዲ እንዲህ ያለውን ንግድ ሲቃወም የኖረ ሰው በመሆኑ ድምፁ በዚያ መልክ መዋሉን በፍርድ ቤት ተከራክሯል። እዚህ ላይ የተነካው ከገንዘብ በላይ ነው፤ የሰው ድምፅ የማያምንበትን ነገር እንዲያጅብ ተደርጓል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከላይ የተነሣው ናስ ከዴሚያን ማርሊ ጋር በ2010 ያወጣው ኣዝ ዊ ኢንተር የተሠራው በሙላቱ አስታጥቄ የግሌ ትዝታ ላይ ነው። በ2009 ደግሞ የካሊፎርኒያው ፕሮዲውሰር ኦ ኖ ከኢትዮጵያ ሸክላዎች በተቆረጡ ድምፆች ኢትዮፒየም የተሰኘ ሙሉ አልበም አውጥቷል። የሙላቱ ስም ታዋቂ ስለሆነ አይጠፋም፤ በእነዚያ ሸክላዎች ላይ ቤዝ የመታው፣ ኮንጋ የመታው ሰው ግን በሁለቱም ዘመን ሳይጠራ ቀርቷል። ስለ ሳምፕል ስንወያይ የእነዚህ ሰዎች ጉዳይ አብሮ ቢነሣ ደስ ይለኛል።

በተጨማሪም ከባድ ድራም፣ አጭር ሳምፕል፣ በስክራች የሚሠራ አዝማች የሚለው አሠራር ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ መቆየቱ ለእኔ ድክመት ነው። ታላቅ አቀናባሪ ራሱን ያድሳል።

መልስ፦ የሸክላ ወዳጅ

የመሣሪያ ተጫዋቾቹን ስም በማስታወስዎ አመሰግናለሁ፤ ክፍያና ስም ይገባቸዋል በሚለው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ስለ ምሥጢሩ ግን የታሪክ አመጣጡ ቢታወቅ ጥሩ ነው። ሸክላን መደበቅ ፕሪሚየር ያመጣው ልማድ አይደለም፤ ኩል ሄርክ ተፎካካሪዎቹ የሚያጫውተውን እንዳያውቁበት የሸክላዎቹን ስም የያዘውን ወረቀት በውኃ እያራሰ ይልጥ እንደነበር ይታወቃል። በዲጄዎች ዓለም ያገኙት ሸክላ የድካም ዋጋ ነበር። ይህ ልማድ በጭፈራ ቤት ማንንም አይጎዳም፤ ለሽያጭ በሚቀርብ አልበም ላይ ሲሆን ግን የባለቤትነት ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም፣ በዚህ ላይ ሐቁ ከእርስዎ ጋር ነው።

አይለወጥም ለሚለው ግን ሁለት ማስረጃ ላቅርብ። አንደኛው በ1998 ለአንድ ፊልም ማጀቢያ ወጥቶ በ2000 በቩዱ አልበም ላይ የገባው የዲአንጀሎ ዘፈን ነው፤ ሙዚቃውን መጀመሪያ ሠርቶ ያቀረበለት ራፐር ስላልፈለገው ለዲአንጀሎ ሰጠው፤ በተደራረበው የድምፃዊው ዝማሬ ሥር የፕሪሚየር ድራም ፍጹም ሌላ ነገር ሆነ። ሁለተኛው በ2006 ለክሪስቲና አጊሌራ የሠራው ነው። አጊሌራ በዚያ አልበም የድሮ ጃዝና ሶል መንፈስ ፈልጋ ነበርና የሸክላ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ኤይንት ኖ አዘር ማን የተባለው ዘፈን በነፋስ መሣሪያዎች ተሞልቶ በፍጥነት የሚገሰግስ የፖፕ ዘፈን ሲሆን፣ ድምፃዊቷንም የግራሚ ሽልማት አስገኝቶላታል። የጋንግ ስታር አድማጭ ድራሙን ሲሰማ ሠሪውን ያውቀዋል። ያልተለወጠው መሣሪያውና እጁ ነው፤ ያረፈበት ቦታ ተለውጧል።

ከሁሉም በላይ ግን የዲጄን ሙያ ጥልቀት ያሳየኝ የ2019 አልበም ነው። ፕሪሚየርና ጉሩ ከ2003 ስድስተኛ አልበማቸው በኋላ ተለያዩ፤ ለዓመታትም ሳይነጋገሩ ቆዩ። ጉሩ በኤፕሪል 19 ቀን 2010 በካንሰር ሕመም አረፈ። ዕርቅ ሳይፈጸም መለያየት ለማንም ሰው ከባድ ሐዘን ነው፤ ለሁለት ሰዎች በአንድ ስም ሥር ለኖሩ ደግሞ ይብሳል። ጉሩ ከሌላ ፕሮዲውሰር ጋር ሲሠራ የቀረጻቸው፣ ያልወጡ ድምፆች ነበሩ፤ ፕሪሚየር ከብዙ ጊዜ በኋላ እነዚያን ድምፆች አግኝቶ አዲስ ሙዚቃ ሠራላቸው፤ በኖቬምበር 1 ቀን 2019 አልበሙ ወጣ።

ይህ ከሥራ አንጻር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በተለመደው አሠራር መጀመሪያ ሙዚቃው ይኖራል፣ ራፐሩም በእሱ ላይ ይናገራል፤ ቃሉ ካልተመቸ ይደግማል፣ መስመር ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። እዚህ ግን ቃሉ አስቀድሞ አለ፣ ተናጋሪው የለም። ፍጥነቱ፣ እስትንፋሱ፣ የሚያቆምበት ቦታ ሁሉ ተወስኖ ያለቀ ነው። ፕሪሚየር ለሌላ ሙዚቃ የተነገረን ቃል ከሥሩ አንሥቶ፣ ለእሱ እንደተነገረ እስኪመስል ድረስ አዲስ መሠረት አበጀለት፤ አዝማች በጎደለበትም በስክራች ሞላው። ዲጄ የሌለን ሰው ድምፅ በሸክላ ይዞ አዲስ ነገር እንዲናገር ሲያደርግ ነው የኖረው፤ ይህን አልበም ሊሠራ የሚችል ሰው ካለ እሱ ብቻ እንደነበረ አምናለሁ።

ጠያቂ፦ ቅኝት ፈላጊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አዝማቹ እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈው ብዙ ነገር ከፍቶልኛል፤ ስለ መሣሪያ ተጫዋቾቹ የተነሣውም ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አሁን በኪቦርድ ከማውቀው ተነሥቼ አሠራሩን በጆሮዬ ለመከተል ብፈልግ፣ ከየትኛው ሥራ ብጀምር ይሻላል?

መልስ፦ ሌሊት አድማጭ

ከናስ የ1994ቱ የኒው ዮርክ ዘፈን ይጀምሩ፤ ፒያኖ ስላለበት ለእርስዎ ይቀርባል። የፒያኖው ድምፅ የተወሰደው ድራም ተጫዋቹ ጆ ቼምበርስ በ1970ዎቹ መጨረሻ ካስቀረጸው ማይንድ ሬይን ነው። መጀመሪያ የቼምበርስን ሙሉ ሥራ ሁለት ሦስት ጊዜ ይስሙት፤ ለስለስ ያለና በሐሳብ የሚንሳፈፍ ጨዋታ ነው። ከዚያ የናስን ይክፈቱና የተወሰደችውን ቅንጣት ይፈልጉ። ስታገኟት፣ ያቺው የፒያኖ ሐረግ ከድራሙ ጋር ስትሆን ለምን ሥጋት እንደሚሰማባት ይጠይቁ፤ ኖታዎቹን በኪቦርድ ቢመቷቸው መልሱ ከስምምነቱ ይልቅ ሐረጉ ከሚቆረጥበት ቦታ ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚደርሱበት ይመስለኛል። ፕሪሚየር እንደሚያወሳው ናስ ያንን የመጀመሪያ ረጅም ስንኝ የቀረጸው በአንድ ጊዜ ነው፤ በመግቢያው ላይ እንዴት እንደሚጀምር እንደማያውቅ ሲናገር የሚሰማው ድምፅም ከቀረጻው ሳይቆረጥ እንዳለ ቀርቷል።

ቀጥሎ ከም ክሊንን ከሼሊ ማን ኢንፊኒቲ ጋር፣ ከዚያም ማስ አፒልን ከቪክ ጁሪስ ሆራይዘን ድራይቭ ጋር በዚሁ መንገድ ያስተያዩ። የጋንግ ስታርን ጀስት ቱ ጌት ኤ ሬፕንም አይለፉት፤ እዚያ ላይ የወሰደው ከፈረንሳዊው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪ ከዣን ዣክ ፔሬ ስለሆነ፣ ጆሮው በጃዝ ብቻ እንዳልታጠረ ያያሉ። የቡድኑን የ1998 አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ይስሙት፤ የ2019ኙን ግን ሌሎቹን ጨርሰው፣ የጉሩን ድምፅ በደንብ እስኪለምዱ ድረስ ያቆዩት። በእያንዳንዱ ዘፈን አዝማቹ ሲደርስ ስንት ሰው እንደሚናገርና እነማን እንደሆኑ በወረቀት ይጻፉ። ድምፁን ያልለዩት ሰው ካጋጠመዎ እዚሁ ይጠይቁን፤ ከየትኛው ሸክላ እንደተነሣ አብረን እንፈልገዋለን።